ከእንጦጦ የወረደው የጎን ነፋስ

«ደረጀ ካለ ነፋሱን ተዉት» ይሉ ነበር የሥራ ባልደረቦቼ። ውሸት አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስበር ከጎን የሚመታ ነፋስ እያለ ስንት ጊዜ እንዳሳረፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ጎማ ፈንድቶብኝ አያውቅም፤ ከማኮብኮቢያው አንድ ክንድ ወጥቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያን ቀን ለጥፋት የቀረበው ሰው ጀማሪ እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሥራ ዘጠኝ መንገደኛ የሚይዝ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሚያበር አንድ ትንሽ የግል ድርጅት ውስጥ ዋና አብራሪ ነበርኩ። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ባለችው የአባቴ ቤት ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፤ ልጅ አልወለድንም። ቤቱ ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ነበርን።

አባባ ሠላሳ ዓመት የእንጦጦ ደን ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደህና ነበር፤ በኋላ ግን የመርሳት ሕመም ያዘው። መጀመሪያ ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎ ቀን ጠፋበት፣ በመጨረሻ እንቅልፍ ጠፋበት። ሁሉም ሲተኛ እሱ ይነሳል። ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ውጭ በር ይሄዳል።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ዛፍ እየቆረጡ ነው። መጥረቢያው አይሰማህም?»

አንዳንዴ አግባብቼ እመልሰዋለሁ። አንዳንዴ አብሬው ወጥቼ ጥቂት እንራመድና «ሄደዋል» ስለው ይረጋጋል። ቀን ቀን ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይ ትጠብቀው ነበር። ሌሊቱ የእኔ ነበር። እንደዚያ ስምንት ወር ሄድን።

ታላቅ እህቴ ወይንሸት አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። «እኔ ጋ አምጣው፣ ተካፍለን እንያዘው» ብላ ስንት ጊዜ ለመነችኝ። እኔ ግን «አባባን አራተኛ ፎቅ ላይ ልትቆልፊበት ነው?» ብዬ አስከፋኋት። ከዚያ በኋላ ስትደውል «እችላለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር አባባን ለማንም መስጠት አልፈለግሁም። ጥሩ ልጅ መሆኔን የማውቀው በድካሜ ነበር። ስደክም ደስ ይለኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የሚያዝያ ወር መጨረሻ ነው፤ ከሰዓት ከሰዓት ደመናው የሚከብድበት ጊዜ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የድርጅቱ መኪና መጥቶ ወሰደኝ። በዚያ ሌሊት አባባ አራት ጊዜ ተነስቷል። ቢሮ ስንደርስ ሁልጊዜ የምንፈርመው ወረቀት አለ፤ በቂ እረፍት አድርጌያለሁ፣ ለመብረር ብቁ ነኝ የሚል ነው። ሳላነበው ፈረምኩ። ስምንት ወር ሙሉ ሳላነበው ነው የፈረምኩት።

ረዳት አብራሪዬ ሜሮን ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኛ ጋ ከገባች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ የምትናገረውን ሁለት ጊዜ አስባ ነው የምትናገረው። ወደ አውሮፕላኑ ስንሄድ አየችኝና፣

«ካፒቴን፣ ዓይንዎ ቀልቷል» አለችኝ።

«አቧራ ነው።»



ሁለት በረራ በሰላም ጨረስን። ሦስተኛው ከባሌ ሮቤ ወደ አዲስ አበባ መመለሻው ነበር። አሥራ አንድ መንገደኛ ጭነናል። ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛች ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ለሜሮን በኦሮምኛ ነግረዋታል። መጀመሪያ ጊዜያቸው ስለሆነ ቀበቶውን እሷ ናት ያሰረችላቸው።

ግማሽ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ። እንቅልፍ ሲመጣ የማደርገው እሱን ነው። ውኃ ጠጣሁ። ሜሮንን ስለ ቤተሰቧ ጠየቅኋት፤ የመለሰችልኝን ግን ዛሬ አላስታውስም፤ ያን ጊዜም አልሰማሁት ይሆናል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ አዲስ አበባ ተቃረብን። ከእንጦጦ በላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ማኮብኮቢያው ላይ ገና ዝናብ አልነበረም፤ ነፋሱ ግን ከደመናው ሥር ወጥቶ ተራራውን ይወርዳል። የመቆጣጠሪያ ማማው ሰው በሬዲዮ ነገረን፤ ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ አንዴ ይበረታል አንዴ ይላላል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ የሰሜን ነፋስ በቀጥታ ጎን ላይ ይመታል። እኛ ከምሥራቅ፣ በአያት በኩል ነበር የምንገባው፤ ነፋሱ በቀኛችን ሆነ ማለት ነው።

«ከባድ ነው፣ ከተፈቀደልን ወሰን ግን አላለፈም» አለች ሜሮን።

«አውቃለሁ» አልኳት።

የጎን ነፋስን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሙላት ጊዜ ወንዝ የተሻገረ ሰው ይገባዋል። ቀጥታ ማዶ ለመድረስ ፊትህን ውኃው ወደሚመጣበት አዙረህ ነው የምትራመደው፤ አለዚያ ይዞህ ይወርዳል። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ታዞራለህ፤ መንገዱ ግን ቀጥ ይላል። በዚያ ቀን በመስታወቱ ፊት ለፊት የሚታየኝ እንጦጦ ነበር፤ የምንሄደው ግን ወደ ቦሌ ነው። ማኮብኮቢያውን የማየው በግራ በኩል አሻግሬ ነበር። እንደዚያ ዞረን ግን መሬት መንካት አይቻልም፤ ጎማው ይሰበራል። ስለዚህ ልትነካ ጥቂት ሲቀርህ በእግርህ ገፍተህ አፍንጫውን ከመንገዱ ጋር ታስተካክላለህ፤ በዚያው ቅጽበት በእጅህ በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ ታደርጋለህ፤ ነፋሱ እንዳይገፋህ። በአንድ ጎማ ነው የምታርፈው፣ ሌላው ይከተላል። ሥራው በሙሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ሌላ ቦታ መሆን አይቻልም።

እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ።

የአያትን ጣሪያዎች አልፈናል። መሪው በእጄ ነው። ሜሮን ከፍታችንን እየቆጠረች ትነግረኛለች፤ አምስት መቶ ጫማ፣ አራት መቶ። ከአራት መቶው በኋላ የማስታውሰው የቤታችንን የውጭ በር ነው። መቀርቀሪያው አልገጥም ብሎኝ እታገላለሁ። ከኋላዬ የአባባ እግር ኮቴ ይሰማኛል። «ቆይ አባባ፣ ላስተካክለው» እላለሁ። መቀርቀሪያው ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

«ካፒቴን!»

ዓይኔን አልከፈትኩም፤ ክፍት ነበር። ማየት ግን ያን ጊዜ ጀመርኩ። የቀኙ ክንፍ ተነስቷል፤ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ወደ ግራ አጋድሎናል። ማኮብኮቢያው ከፊታችን የለም፤ በቀኝ በኩል እየሸሸ ነው። ከሥራችን ያለው ሣርና አጥር ነው። ሜሮን መሪውን ይዛለች።

«መሪው የኔ ነው!» አለች። «ጎ አራውንድ!»

ማረፉን ትተን እንደገና እንነሳለን ማለት ነው። ሞተሮቹ ጮኹ። ክንፉ ተስተካከለ፤ አፍንጫው ቀና አለ። ከመንገደኞቹ መካከል አንዲት ሴት «ኪዳነ ምሕረት!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ አጥሩ፣ መንገዱ፣ መኪኖቹ ከሥራችን አንሰው አንሰው ሄዱ። ሜሮን ወደ ግራ፣ ከተራራው ወደሚርቀው ወገን አዞረች። እኔ እጆቼ ጭኔ ላይ እንዳሉ ተቀምጬ አየኋት።

ከማማው ጋር ተነጋገረች፤ በስተምሥራቅ ዞር ብለን እንድንጠብቅ ፈቀዱልን። ከፍታ ላይ ስንደርስ መናገር የቻልኩት ይሄንን ነው፦

«ምን ሆነ?»

«ተኝተው ነበር።»

«አልተኛሁም። ነፋሱ ነው ያጋደለን።»

ወደ እኔ አልዞረችም፤ ዓይኗ መሣሪያዎቹ ላይ ነበር። «ካፒቴን፣ ሁለት ጊዜ ጠርቼዎታለሁ። የሰሙኝ ሦስተኛውን ነው።»

የሚገርማችሁ፣ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነበር። ስምንት ወር ከበር ውጭ ያቆምኩት ድካም ሁሉ ተሰልፎ ገባ። እዚያው ወንበሩ ላይ አንድ ሰው «በቃህ፣ ተኛ» ቢለኝ እተኛ ነበር።

«ሜሮን» አልኳት፣ «የምታሳርፊው አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ ነው የዞረችው።

«በዚህ ነፋስ አሳርፌ አላውቅም። ለረዳት አብራሪ የተፈቀደው ወሰንም ከዚህ ያነሰ ነው።»

«ዋናው አብራሪ ብቁ ካልሆነ ወሰኑ አይሠራም። እኔ ብቁ አይደለሁም።»

ይህቺን ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኳት። ለአንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ከየረር ተራራና ከአያት በላይ በሰማይ ላይ።

የነዳጁን መለኪያ አየች። «ነዳጃችን ለአርባ ደቂቃ ያህል ይበቃል፣ መጠባበቂያውን ሳይነካ» አለች። «ሃያውን እንጠብቅ። ደመናው ትንሽ ሊገፋ ይችላል። ካልሆነ ወደ መጣንበት ወገን ተመልሰን ሌላ ማረፊያ እንፈልጋለን።»

«ጥሩ።»

«እርስዎ ይንገሩኝ። አይንኩት ግን። ካልጠራሁዎት በስተቀር መሪውን አይንኩት።»

«አልነካም።»

ለመንገደኞቹ በማይክሮፎን ተናገርኩ። ነፋስ ስላለ ጥቂት እንደምንጠብቅ፣ እንዳይሰጉ ነገርኳቸው። ድምፄ የተረጋጋ ነበር። ድምፅ ሲዋሽ እንዴት እንደሚያምር!

ዞርን፣ ዞርን። ደመናው ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በኩል አዘነበለ። የየካ ባሕር ዛፎች ከሩቅ ይታዩኛል፤ እንደ ውኃ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ፣ ይተኛሉ። ሜሮን እነሱን ነበር የምታየው። «ይኸው ዛፎቹ ቀና አሉ» አለች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ማማው ነፋሱ መላላቱን ነገረን። አልጠፋም፤ ግን ቀድሞ የነበረው አይደለም።

«እንሂድ?» አለች።

«አንቺ ወስኚ።»

«እንሂድ።»

እጆቼን ጭኖቼ መካከል አስገብቼ ያዝኳቸው። ልማድ ሆኖ ሮጠው መሪውን እንዳይዙብኝ።

እንደገና በአያት ላይ መጣን። «አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ተይው» አልኳት። «አትታገዪው። መንገዳችን ቀጥ እስካለ ድረስ ወደ ተራራው ብናይ ምን ቸገረን።»

«እሺ።»

«ፍጥነት?»

«ጥሩ ነው። ትንሽ ጨምሬያለሁ፣ ለነፋሱ ውርጅብኝ።»

«ጎበዝ። እግርሽ ይረፍ። ገና ነው።»

ሦስት መቶ ጫማ። ነፋሱ አንዴ መታን፤ ቀኙ ክንፍ ሊነሳ ሲል ቀድማ ያዘችው። ቅድም እኔ ያልነበርኩበት ቦታ ይህ ነበር፤ እሷ ግን አለችበት። ሁለት መቶ። አንድ መቶ።

«ማኮብኮቢያው ላይ ነን» አልኳት። «ቆይ... ቆይ... አሁን። ግራ እግር፣ ቀስ ብለሽ።»

አፍንጫው ከእንጦጦ ተመልሶ ከነጩ መስመር ጋር ገጠመ።

«ቀኝ ክንፍ ዝቅ! ጨምሪ! አትፍሪ፣ ጎማው እዚያው ነው።»

ወደ ግራ መንሸራተት ጀምረን ነበር፤ ቆመ። ቀኙ ጎማ ነካ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። ግራው ተከተለ። ከዚያ የፊቱ።

«እንዳትለቂ! መሪውን ወደ ነፋሱ እንደያዝሽ! እስክንቆም አላረፍንም።»

«ይዣለሁ» አለች በጥርሷ መካከል።

ፍጥነቱ ወረደ፤ ከማኮብኮቢያው ወጣን፤ ቆምን። ከኋላ ጭብጨባ ተነሳ። ሜሮን ሞተሩን አጥፍታ የመጨረሻውን ዝርዝር አንድ በአንድ አነበበች። ስትጨርስ ብቻ ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች። አላለቀሰችም፤ ተነፈሰች።

መንገደኞቹ ሲወርዱ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ነጭ ጋቢ የለበሱት አዛውንት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ገለቶማ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ቀጥለው በአማርኛ፣ «ይህ እጅ ይባረክ። ልጄን ልታሳየኝ ነው» ብለው እጄን ሳሙት። ሜሮን ከኋላዬ ቆማለች። «ያሳረፈችው እሷ ናት» ማለት ስድስት ሰከንድ አይፈጅም። አላልኩም። አሜን ብዬ አሳለፍኳቸው።

ቢሮ ገባን። ማረፍ ትቶ እንደገና የተነሳ አብራሪ ሪፖርት መጻፍ አለበት። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ። ሜሮን እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ካፒቴን፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

አሁን የምነግራችሁን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያሳፍረኛል። «አጭር አድርጊው» አልኳት። «ነፋሱ ከበደን፣ ተነሳን፣ ጠበቅን፣ አረፍን። በቃ። ማንም አልተጎዳም።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መጻፉን እጽፈዋለሁ» አለች። «አክብሬዎት እንጂ ፈርቼ አይደለም። ነገ ጠዋት ግን አጠገብዎ የሚቀመጠው ማነው? እኔ ነገ እረፍት ነኝ።»

በነገው መርሐ ግብር ላይ ከእኔ ጋር የተመደበው ከገባ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ነበር። ካፒቴኑን ጮኾ ለመጥራት ገና ያልደፈረ።

የእሷን ወረቀት አልነካሁትም። የራሴን ሳብኩና ጻፍኩ። «በማረፊያ አቀራረብ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ረዳት አብራሪዋ መሪውን ተረክባ አውሮፕላኑን አድናለች። ያሳረፈችውም እሷ ናት። ላለፉት ስምንት ወራት በቂ እንቅልፍ ሳልተኛ ብቁ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ።» ከዚያ ለሜሮን ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝና «ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጻፍን።

ኃላፊው አልጮኸብኝም። ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ለምን አልነገርከንም?» አለኝ። በዚያው ሰዓት ከበረራ ታገድኩ።

ያን ዕለት የድርጅቱን መኪና አልወሰድኩም። በታክሲ እስከ ስድስት ኪሎ ሄጄ ቀሪውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ለወይንሸት ደወልኩ።

«ወይኒዬ፣ አልቻልኩም» አልኳት።

ምን ሆንክ አላለችም፤ ድሮስ ብዬህ ነበር አላለችም። «እየመጣሁ ነው» አለች። ከአያት ፈረንሳይ ለጋሲዮን በዚያ የመኪና ጭንቅንቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስትገባ አባባ ጫማውን ሊያደርግ ይታገል ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ ክሩን ፈታችለት። እኔ ከነዩኒፎርሜ ሶፋው ላይ ወደቅሁ፤ የነቃሁት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው።

አባባ ከዚያ በኋላ ከእህቴ ጋር አያት ነበር የኖረው። ሊፍት አልነበረም፤ እየተረዳዳን አወጣነው። ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ተራራውን ሲያይ ይውል ነበር። እኔ በሳምንት ሦስት ሌሊት እየሄድኩ እጠብቀዋለሁ፤ ሌላውን እሷና ልጆቿ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሰላም አረፈ። እኔም ከምርመራና ከፈተና በኋላ ወደ በረራ ተመልሼ ጥቂት ሠራሁ፤ ሆኖም የድሮው ደረጀ አልነበርኩም፤ መሆንም አልፈለግሁም። አሁን አስተማሪ ነኝ። ሜሮን ዋና አብራሪ ሆናለች።

እናንተ አብራሪ ላትሆኑ ትችላላችሁ። የታመመ የምታስታምሙ፣ ሌሊት ተረኛ የምትሆኑ፣ አውቶቡስ የምትነዱ፣ መርፌ የምትወጉ ትኖራላችሁ። ስለ ድካም የተማርኩት ይህንን ነው፤ ድካም ሲመጣ አያንኳኳም። ደክሞኛል የምትሉበት ጊዜ ገና ደህና ናችሁ። የሚያስፈራው «እችላለሁ» ማለት የቀለላችሁ ቀን ነው። እኔ በጣም የቀለለኝ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነበር።

ስለ ጎን ነፋስ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ካፒቴን፣ ካረፉበት ሁሉ ከባዱ ነፋስ የቱ ነበር?» ይሉኛል። ይሄንን ታሪክ ሳላሳጥር እነግራቸዋለሁ። ሪፖርቱን አጭር አድርጊው ያልኳትንም ጭምር። ባለፈው ወር ነግሬያቸው ሲበተኑ አንዲት ተማሪ ወንበሯ ላይ ቀረች። ደብተሯን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ካፒቴን፣ ነገ ጠዋት የልምምድ በረራ አለኝ» አለችኝ። «እናቴ ሆስፒታል ናት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተኛሁም። አይታወቅብኝም ብዬ ነበር።»

«አይታወቅብሽም» አልኳት። ስልኬን አወጣሁና የበረራ መርሐ ግብር ክፍሉ ጋ ደወልኩ። ሲያነሱ ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት፤ ነገ ለመብረር ብቁ እንዳልሆነች ራሷ እንድትናገር።